የማይዞረው ሲሊንደር፦ ሁለት ሳምንት የወሰደብኝ ሪቮልቨር

ሦስተኛውን ዙር አጉርሼ ሁለቴ ተኮስኩ፣ ሦስተኛው ላይ ምላጩ ድንጋይ ሆነብኝ። ስስበው ግማሽ መንገድ ይመጣና ቀጥ ይላል፣ መዶሻውን በአውራ ጣቴ ወደ ኋላ ልሳበው ብል እሱም እምቢ አለ። አፈሙዙን ከኢላማው ሳላነሳ በግራ እጄ ሲሊንደሩን ትንሽ ገፋ ሳደርገው ግርር ብሎ ዞረና ተላቀቀ። አራተኛው ሰላም፣ አምስተኛው ሰላም፣ ስድስተኛው እንደገና ያዘ። አባቴ ትቶልኝ ያለፈ 38 ካሊበር ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ነው፣ ጥይቶቹ የሚሰኩበት ሲሊንደር በየተኩሱ የሚዞርበት ሽጉጥ ማለት ነው፣ በህይወት እያለ እያወጣ ሲወለውለው እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ የዛን ቀን የተሰማኝ የብረት ብልሽት ብቻ አልነበረም፣ አደራ ያበላሸሁ ነው የመሰለኝ።

እና የተደናገጠ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፣ ቤት ገብቼ ከፈታሁት። ያገኘሁትን ካቻቢቴ ይዤ የጎን ክዳኑን ቪቴዎች አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ውስጡን አየሁ፣ ምንም የተሰበረ ነገር የለም፣ ዘይት ቀባሁና መልሼ ገጠምኩት። ስገጥመው ባሰበት። ድሮ ሲሊንደሩ ሲዞር ነበር የሚይዘው፣ አሁን ደሞ ወደ ጎን ሲከፈትም ማቃሰት ጀመረ። እዚህ ላይ ነው እጄን ሰብስቤ የሚያውቅ ሰው የጠየቅኩት፣ የችግሩ ዋና ምክንያት መጨረሻ ላይ ሲገኝ ግን በጥርስ ብሩሽ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ሌላ ሰው ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት እንዲያነበው ስለፈለግኩ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ጥይቱ። የያዘ ሪቮልቨር ውስጥ ጥይት ካለ እሱ ሽጉጥ ከጤነኛው የበለጠ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሲታገለው አፈሙዙ የት እንደዞረ ይረሳል። ጣት ከምላጩ ይውጣ፣ አፈሙዙ ማንም ወደሌለበት አቅጣጫ ይሁን፣ የከሸፈ ጥይት ካለ ደሞ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ፣ ቢቻል አንድ ደቂቃ ሳትነኩት ጠብቁ፣ አንዳንዴ ዘግይቶ ይነሳል። ከዛ መክፈቻውን ተጭናችሁ ሲሊንደሩን በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከተከፈተ አውጡና ስድስቱንም ጉድጓድ በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ፣ ጥይቶቹን ከምትሰሩበት ክፍል አውጡ። ካልተከፈተ በመዶሻ አትምቱት፣ ባለበት ሆኖ ባለሙያ ይድረስ።

አሁን ወደ ነገሩ። ሲሊንደሩ ለምን እንደሚይዝ ለመረዳት የት እንደተቀመጠ ማሰብ ይበቃል። ከኋላው የፍሬሙ፣ የሽጉጡ ዋና አካል ማለት ነው፣ ግድግዳ አለ፣ የቀለሃዎቹ ቂጥ እዛ ጋ ነው የሚያርፈው፣ ከፊቱ የበርሜሉ ጅራት አለ፣ እሱ ደሞ በመሃል በአንድ ዘንግ ላይ ተሰክቶ በሁለቱ መካከል ይዞራል። ከፊት በበርሜሉና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት በደህና ሪቮልቨር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ተራ የፕሪንተር ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ እና በቃ ይሄ ነው ያለን ቦታ፣ የአንድ ወይም የሁለት ወረቀት ውፍረት። ከኋላም እንደዛው ጠባብ ነው። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ሲሊንደር ያዘ ማለት አንድ ነገር ይቺን ቦታ በላት ማለት እንደሆነ ይገባችኋል፣ ወይ ከፊት ተበልታለች፣ ወይ ከኋላ ተበልታለች፣ ወይ መሃል ዘንጉ ጠሟል፣ ወይ ደሞ የሚያዞረውና የሚቆልፈው አካል ከሰዓቱ ውጪ ሆኗል። የመጨረሻው ነው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው፣ እኔም እሱን ነበር የጠረጠርኩት።

የደወልኩላቸው ሰውዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሳሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። «ጋሼ ሲሊንደሩ እየያዘ አስቸገረኝ፣ ከፍቼው ነበር ምንም የለውም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ባዶውን ሲዞርስ ይይዛል?» አሉኝ። አላውቅም። «ሁሌ አንድ ጉድጓድ ላይ ነው ወይስ ይቀያየራል?» አላውቅም። «ከመጀመሪያው ጥይት ነው ወይስ ሲሞቅ?» ይሄን ብቻ ነበር የማውቀው፣ ሁለት ዙር ሙሉ ደህና ነበር። «እና ሳታውቅ ለምን ፈታኸው?» አሉኝ፣ ቁጣ የለበትም፣ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከየትኛውም መሳሪያ ይበልጣሉ። ባዶውን በደንብ የሚዞር ጥይት ሲገባበት ግን የሚይዝ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ነው፣ ወይ ጥይቱ ራሱ ነው ወይ ጥይቱ በደንብ አልተቀመጠም። ባዶውንም የሚይዝ ከሆነ የሽጉጡ ነው። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚከብድ ከሆነ የሆነ ነገር ጠሟል ማለት ነው፣ ክብ ነገር ሲጠም በየዙሩ አንዴ ነው የሚነካው። ከጊዜ በኋላ እየከበደ የሚሄድ ከሆነ ቆሻሻና ሙቀት። የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ለማወቅ ሲሊንደሩ ላይ በማርከር ከ1 እስከ 6 ቁጥር ጻፉ፣ አልኮል ይጠርገዋል አትፍሩ። ጥይቶቹንም ቂጣቸው ላይ ቁጥር ጻፉባቸው። ከዛ የተኩስ ሜዳ ላይ ሆናችሁ 3 ቁጥር ላይ ከያዘ 3ኛውን ጥይት አውጥታችሁ 5ኛው ውስጥ ክተቱት። መያዙ ጥይቱን ተከትሎ ወደ 5 ከሄደ ጥይቱ ነው፣ 3 ላይ ከቀረ ጉድጓዱ ወይ ሲሊንደሩ ነው። ቀላል ነገር ነው ግን ግማሹን ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ ይጥለዋል።

የኔን ልንገራችሁ። ጋሼ «ኮከቧን አንሳና ከስሯ እይ» አሉኝ። ኮከቧ ማለት ቀለሃዎቹን በአንድ ጊዜ የምታወጣው ሲሊንደሩ ኋላ ላይ ያለችው ኮከብ የምትመስል ብረት ናት፣ ከሲሊንደሩ ፊት የወጣውን ዘንግ ስትጫኑት ወደ ኋላ ብድግ ትላለች። ዘንጉን ተጭኜ ይዤ በባትሪ ብርሃን ከስሯ አየሁ። የምትቀመጥበት ስርጉድ ወለል ላይ፣ ጥጉ ላይ ማለት ነው፣ ሦስት ያልተቃጠሉ የባሩድ ቅንጣቶች ተለጥፈዋል፣ የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ እንኳን አይሆኑም፣ ጠፍጣፋ፣ ቀለማቸው አመድ፣ በዘይት ርሰው ወለሉ ላይ ተጋግረዋል። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ስነካት አንዷ ተነሳች፣ በጣቶቼ መሃል ሳሻት አሸዋ ትመስላለች። ያቺ ናት እንግዲህ። ኮከቧ እሷ ላይ ስታርፍ ከቦታዋ በቅንጣቷ ውፍረት ልክ ከፍ ትላለች፣ የቀለሃው ጠርዝ ደሞ ኮከቧ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ቀለሃው ወደ ኋላው ግድግዳ ይገፋና ይፋተጋል። የወረቀት ውፍረት ቦታ ባለበት ላይ አንድ ቅንጣት ማለት ሙሉ ቤት ማለት ነው።

ለምን ሦስተኛው ዙር ላይ እንደጀመረ ያኔ ገባኝ። ቀለሃ ሳወጣ ሽጉጡን አግድም ይዤ ነበር ዘንጉን የምጫነው፣ አንዳንዴም አፈሙዙን ወደ መሬት አዘቅዝቄ። ያኔ ያልተቃጠለው ባሩድ ከቀለሃዎቹ ውስጥ እየፈሰሰ በቀጥታ ኮከቧ ስር ይገባል። ትክክለኛው አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ዘንጉን በአንድ ምት ጠንከር አድርጎ መምታት ነው፣ ቀለሃውም ባሩዱም ወደ መሬት ይወድቃል። ይሄን አንድ ልማድ ከቀየርኩ ወዲህ ኮከቧ ስር ያገኘሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ማጽዳቱ ደሞ ደረቅ የጥርስ ብሩሽ ነው፣ ኮከቧን አንስቶ ስሯንም ወለሉንም መቦረሽ፣ የዘንጓን መግቢያ መጥረግ፣ በቃ። ዘይት እዛ ቦታ ላይ አታብዙ። እኔ ዘይት ነበር የማርከፈክፈው፣ ዘይቱ ነው ባሩዱን ያጣበቀው።

የጎን ክዳኑ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ እሱን እኔው ነኝ የፈጠርኩት። ብዙ ሪቮልቨሮች ላይ፣ የአሜሪካውን ሽጉጥ ፋብሪካ የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ዓይነት አሰራር የሚከተሉት ላይ ማለቴ ነው፣ የፊተኛው የክዳን ቪቴ ክዳን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ጫፉ ሲሊንደሩን የተሸከመውን ክንድም ይዞ ያስቀረዋል፣ ርዝመቱም ለዛች ሽጉጥ ተለክቶ የተሰራ ነው። ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ። እኔ ሳወጣ አንድ ሳህን ላይ ደባልቄ አስቀመጥኳቸውና ስመልስ ተቀያየሩ፣ የተሳሳተው ቪቴ ክንዱን ሲጫነው ሲሊንደሩ ሲከፈት ማቃሰት ጀመረ። ቦታቸውን ስመልስ ወዲያው ተፈታ። ስለዚህ መፍታት ግድ ከሆነባችሁ ወረቀት ላይ የሽጉጡን ቅርፅ ሳሉና ቪቴዎቹን በየቦታቸው ወረቀቱ ላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ። ካቻቢቴውም የቪቴውን ስንጥቅ ሙሉ የሚሞላ መሆን አለበት፣ የቀጠነ ከሆነ ጠርዙን ይበላዋል፣ የኔ አንዱ ቪቴ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ፣ ባየሁት ቁጥር ቅር ይለኛል። ክዳኑንም በምንም ነገር ፈልቅቃችሁ አታንሱት፣ የእጀታውን ብረት በእንጨት ዘንግ ቀስ እያላችሁ ስትመቱት በንዝረቱ ራሱ ተነስቶ ይመጣል።

ጥይቱ ጥፋተኛ ሲሆንስ? ይሄ ደሞ ራሳቸው ጥይት የሚሞሉ ሰዎች ጋ በጣም የተለመደ ነው። ቀለሃው ቂጥ መሃል ያለችው መለኮሻ፣ ፕራይመሯ፣ ከቀለሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብላ መቀመጥ አለባት። ያገለገለ ቀለሃ ከሆነና ጉድጓዷ ውስጥ ጥላሸት ካለ እስከ መጨረሻው አትገባም፣ ወጣ ብላ ትቀራለች፣ ሲሊንደሩ ሲዞር ግድግዳውን ትፍቃለች። ለማወቅ መሳሪያ አያስፈልግም፣ በጥፍራችሁ ወይ በጣት ጫፍ ቂጡ ላይ ስታልፉበት ይሰማችኋል፣ ወይ ደሞ ቀለሃውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁሙትና የሚወዛወዝ ከሆነ ወጥታለች። ያቺን ጥይት አትተኩሱ፣ ሽጉጡ ውስጥ እያለች በግድ ለማዞርም አትሞክሩ።

ሌላው የአረሩ መውጣት ነው። አንድ ጓደኛዬ ቀላል የሆነች አምስት ጎራሽ አለችው፣ ጠንካራ ጥይት ሲተኩስባት አራተኛው ላይ ትቆልፍበታለች፣ ሁሌ አራተኛው ወይ አምስተኛው። እኔም ሄጄ አየሁት። ሽጉጧ ቀላል ስለሆነች ስትተኮስ ወደ ኋላ በኃይል ትመለሳለች፣ ያልተተኮሱት ጥይቶች ቀለሃ አብሮ ይመለሳል፣ ከባዱ አረር ግን ባለበት መቅረት ስለሚፈልግ በየተኩሱ ከቀለሃው ትንሽ ትንሽ ይወጣል። ሦስት ተኩስ ችሎ አራተኛው ላይ የአረሩ አፍንጫ ከሲሊንደሩ ፊት ይወጣና ፍሬሙን ወይ የበርሜሉን ጎን ይመታል፣ በቃ መዞር የለም። ሽጉጧን ቢያስሞርዳት ኖሮ በከንቱ ነበር። መፍትሄው የቀለሃውን አፍ አረሩ ወገብ ላይ ባለችው ቦይ ውስጥ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል፣ ወይ ለቀላል ሽጉጥ የሚሆን ሌላ ጥይት መጠቀም ነው። እናንተም ለመፈተሽ ከፈለጋችሁ የመጨረሻዋን ጥይት ርዝመት ከመተኮሳችሁ በፊት በካሊፐር ለኩ፣ ሌሎቹን ተኩሱና አውጥታችሁ እንደገና ለኩ፣ ከረዘመች አገኛችሁት ማለት ነው።

በ357 ካሊበር ሽጉጥ 38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት አብዝተው የሚተኩሱ ሰዎች ደሞ ሌላ ነገር አለባቸው፣ 38ቱ አጠር ስለሚል ጉድጓዱ ውስጥ የሱ አፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ የጥላሸት ቀለበት ይሰራል፣ ከዛ ረጅሙን 357 ሲከቱ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ ቂጡ ወጥቶ ይይዛል። በነሐስ ብሩሽና ጥላሸት በሚያሟሟ ፈሳሽ (ሶልቨንት) ትንሽ ጊዜ ወስዶ መፋቅ ነው። 22 ካሊበር ላይም ያው ነው፣ ጉድጓዱ በቶሎ ይቆሽሻል፣ ጥይቱን በአውራ ጣት ገፋ አድርጎ ማስገባት የሚያስፈልግበት ደረጃ ከደረሰ የመታጠቢያው ሰዓት አልፏል።

ከፊት በኩል ስንመጣ ዋናው የሲሊንደሩ ፊት ላይ የሚጋገረው ጥላሸትና እርሳስ ነው። ክፍተቱ ጠባብ የሆነ ሽጉጥ ሲተኮስ ትኩስ ጋዝ በዛች ክፍተት ይወጣና ፊቱን ያጠቁረዋል፣ በተለይ ባዶ እርሳስ አረር ከሆነ። ሙቀቱም ይጨምርበታል፣ እስቲ አስቡት፣ 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት በ60 ዲግሪ ሲሞቅ 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ክፍተቱ 0.15 ለሆነ ሽጉጥ ምንም አይደለም፣ ክፍተቱ 0.05 ለሆነ ግን ከግማሽ በላይ ሄደ፣ ላዩ ላይ ጥላሸት ሲጨመር አለቀ። ለዛ ነው ጠባብ ክፍተት ሁሌ ጥሩ ነው የሚሉትን የማልስማማቸው፣ ለኢላማ ወረቀት ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ለሚተኩስ ሰው ግን ትንሽ ሰፋ ያለ ይሻላል። የሚነካበትን ቦታ ለማየት የሲሊንደሩን ፊት በማርከር ቀቡትና ባዶውን አሽከርክሩት፣ ማርከሩ የተፋቀበት ቦታ የሚነካበት ነው። መለካቱን በፊለር ጌጅ፣ ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች ማለት ነው፣ ነው የምሰራው፣ ሲሊንደሩን ወደ ኋላ ገፍቼ አንዴ፣ ወደ ፊት ገፍቼ አንዴ። የሁለቱ ልዩነት ሲሊንደሩ ፊትና ኋላ የሚላወስበት መጠን ነው። መላወሱ በዝቶ ሲሊንደሩ ወደ ፊት ሲመጣ በርሜሉን የሚነካ ከሆነ ክንዱ ላይ የሚገቡ 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ስስ ሮንዴላዎች አሉ፣ እነሱ ያስተካክሉታል። የበርሜሉን ጅራት ለመሞረድ ግን አትቸኩሉ፣ የተሞረደ ብረት አይመለስም፣ መላወሱ ሳይስተካከል የሚሞረድ ደሞ ክፍተቱን ለዘላለም ያሰፋዋል።

(ይቺን የፊት ክፍተት ጭራሽ እንዳትኖር ያደረጉም አሉ። የ1895ቱ ናጋንት የሚባለው ሪቮልቨር መዶሻው ሲሳብ ሲሊንደሩ ራሱ ወደ ፊት ሄዶ ከበርሜሉ ጋር ይገጥማል፣ ጋዙን ይዘጋዋል። አስደናቂ ስራ ነው፣ ዋጋው ግን ምላጩ በጣም ከባድ መሆኑ ነው።)

ዘንጉ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያስበውም። ቀለሃ የሚገፋው ዘንግ በቪቴ ጥርስ የተገጠመ ነው፣ ሲተኮስ ሲተኮስ እየላላ ወደ ፊት ይረዝማል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ ጫፉ ከበርሜሉ ስር ካለው መቆለፊያ ጋር ስለሚገናኝ ሲረዝም ይጫነዋል፣ መጀመሪያ መዞሩ ይከብዳል፣ ከዛ ጭራሽ አይከፈትም። ምልክቱ ይሄ ነው፣ መክፈቻውን ስትጫኑ ሲሊንደሩ አልላቀቅ ካለ ይቺን ጠርጥሩ። የነሱ ሲሊንደር ወደ ግራ ነው የሚዞረው፣ ኮልት የሚባለው ሌላው ፋብሪካ ደሞ ወደ ቀኝ፣ ድሮ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ዘንግ ጥርስ እንደ ማንኛውም ቪቴ ወደ ቀኝ የሚጠብቅ ነበርና ይላላ ነበር፣ በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን ጥርሱን ገልብጠውታል፣ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ከማጥበቃችሁ በፊት የናንተ የትኛው ዘመን እንደሆነ እወቁ፣ ያለዚያ አጠበቅን እያላችሁ ትሰብሩታላችሁ። ስታጠብቁም ስትፈቱም ጉድጓዶቹ ውስጥ የተተኮሱ ባዶ ቀለሃዎች ክተቱ፣ ኮከቧን ደግፈው ይይዟታል፣ ባዶውን ከሆነ ጉልበቱ በሙሉ በትንንሾቹ ፒኖች ላይ ያርፍና ይጠማሉ። ዘንጉን በፒንሳ ራቁቱን አትያዙት፣ ቆዳ ጠቅልሉበት።

ዘንጉ የጠመመ ከሆነ ደሞ ሲሊንደሩን ከፍታችሁ አሽከርክሩትና የዘንጉን ጫፍ እዩ። ቀጥ ያለ ከሆነ ባለበት ይዞራል፣ የጠመመ ከሆነ ጫፉ ትንሽ ክብ ይሰራል። ይሄ ነው በየዙሩ አንዴ የሚይዘው። ክንዱ የጠመመ እንደሆነ ደሞ ሲዘጋ ከፍሬሙ ጋር ያለው መስመር አይገጥምም፣ የዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ሲሊንደሩን በእጅ አንጓ ወርወር አድርጎ መዝጋት ነው፣ ፊልም ላይ እንደሚያደርጉት። እባካችሁ ማንም ሰው የሰጣችሁን ሽጉጥ እንደዛ አትዝጉ፣ በሁለት እጅ በአውራ ጣት ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው። ሁለቱንም ጥመቶች ማቅናት የባለሙያ ስራ ነው፣ መለኪያ ይፈልጋል።

ከኋላው ግድግዳ ላይ ፕራይመሩን የምትመታው መርፌ የምትወጣባትን ቀዳዳም እዩ። መርፌዋ ተሰብራ ወይ ስፕሪንጓ ደክሞ ወደ ውስጥ ካልተመለሰች ፕራይመሩ ውስጥ ተሰክታ ትቀርና ሲሊንደሩን ትይዘዋለች። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ እሾህ ካወጣም እንደዛው ነው፣ ጥጥ በእንጨት ጠቅልላችሁ ስታልፉበት ጥጡ ከተሰነጠረ አለ ማለት ነው።

አሁን የሚያዞረው አካል። ሲሊንደሩን ከኋላ የምትገፋ ጣት አለች፣ ከስር ደሞ ቦዩ ውስጥ ገብታ የምትቆልፈው ጥርስ። ለመፈተሽ ባዶ መሆኑን እንደገና አረጋግጣችሁ መዶሻውን በጣም ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ በሌላው እጃችሁ ሲሊንደሩን በሁለት ጣት ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት፣ ትንሽ እንዲከብደው ብቻ። መዶሻው መጨረሻው ጋ ሳይደርስ ወይ እዛው ሲደርስ ጥርሷ ቀጭ ብላ መግባት አለባት። መዶሻው ደርሶ ሲሊንደሩ ካልተቆለፈ ጣቷ ተበልታለች፣ ጥርሷ በሰዓቱ ዝቅ ካላለች ደሞ ሲሊንደሩ ከመነሻው አይነሳም። ስድስቱንም አንድ በአንድ ሞክሩ። እዚህ ጋ ከደረሳችሁና ችግሩ ይሄ ከሆነ ሞረድ አታንሱ፣ እነዚህ አካላት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የተገጣጠሙ ናቸው፣ አረሩ ከበርሜሉ ጋር ሳይገጥም የሚተኮስ ሽጉጥ እርሳስ ወደ ጎን ይተፋል፣ አጠገባችሁ የቆመውን ሰው ፊት ነው የሚያገኘው።

አንድ ነገር ደሞ ከሁሉም ለይቼ ልናገር። ተኩሱ ድምፁ ከወትሮው የደከመ ከነበረ፣ ፍስስ ያለ፣ እና ከዛ በኋላ ሲሊንደሩ አልዞር ካለ፣ ወዲያው አቁሙ። ባሩድ ያልነበረው ወይ ያነሰው ጥይት አረሩን በፕራይመሩ ጉልበት ብቻ ገፍቶት ግማሹ ሲሊንደር ውስጥ ግማሹ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፣ እሱ ነው የቆለፈው። ይሄን በጉልበት ማዞር አይቻልም። ሙሉ በሙሉ በርሜሉ ውስጥ ገብቶ መሃል ላይ የቀረ ከሆነ ደሞ የባሰ ነው፣ ሲሊንደሩ ይዞራል፣ ቀጣዩ ተኩስ በርሜሉን ሊሰነጥቀው ይችላል። ባለሙያ በነሐስ ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ለዛ ነው ሲሊንደር ሲይዝ መጀመሪያ ራሳችሁን የመጨረሻው ተኩስ ድምፁ እንዴት ነበር ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

የድሮዎቹን በአጭሩ። እንደ 1873ቱ ኮልት ያሉት ሲሊንደራቸው ወደ ጎን አይከፈትም፣ በመሃሉ የሚያልፍ ፒን አለ፣ እሱ በቆሻሻ ሲደርቅ ወይ ሲተኮስ ወደ ፊት ሸርተት ሲል ይይዛሉ፣ ማውጣት፣ መጥረግ፣ ስስ ዘይት መቀባት፣ መቆለፊያው እንደያዘው ማረጋገጥ። ከዛ በፊት የነበሩት በጥቁር ባሩድ የሚሞሉት፣ ሳሙኤል ኮልት በፈረንጆቹ 1836 የፈጠራ መብት ካወጣበት መስመር የመጡት ማለት ነው፣ የተተኮሰችው የፕራይመር ቆብ ተሰባብራ መዶሻው ስር ወይ ሲሊንደሩ ኋላ ትገባና ትቆልፋቸዋለች፣ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ደሞ ዘንጉን ከሁለት ከሦስት ዙር በኋላ ያደርቀዋል። ዘንጉ ላይ ወፈር ያለ ግራሶ መቀባት በጣም ይረዳል።

የኔዋን ከጠረግኩና ቪቴዎቹን ከመለስኩ በኋላ ጋሼ ጋ ይዣት ሄድኩ፣ ራሴ አድርጌዋለሁ ብዬ ሳይሆን አይተው እንዲነግሩኝ ብዬ። ከፈቱ፣ ስድስቱንም በጣታቸው አዩ፣ ዘንጉን አሽከረከሩ፣ ዘጉ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ክፍተቷን በአንድ ዓይናቸው አዩ፣ መዶሻውን ስድስት ጊዜ በጣም ቀስ ብለው ሳቡት፣ እያንዳንዱን ቀጭታ በፀጥታ እየጠበቁ። «አባትህ በደንብ ይዞታል» አሉና መለሱልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አርባ ስምንት ጥይት ተኮስኩባት፣ በየዙሩ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቼ ቀለሃውን እያወጣሁ፣ አንዴም አልያዘችም። ማታ ኮከቧን አንስቼ በባትሪ አየሁ፣ ወለሉ ንፁህ ነበር፣ አንዲት ቅንጣት ብቻ ጠርዙ ላይ ነበረች፣ በብሩሹ አነሳኋት።